ማስተካከያ፦ ስለ ዱቄት ሙጫ

ጠራዧ ጠዋት ሱቋን ከፍታ መጋረጃውን እንደ ሰበሰበች መጀመሪያ የምታየው የመጽሐፍ መጭመቂያውን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነበር። ከኮምፒውተሩም የምታየው አንዲት መስመር ብቻ ነች።

ባሏ በሕይወት ሳለ ያረጁ መጻሕፍት ስለሚታደሱበት መንገድ ብሎግ ይጽፍ ነበር። እሷ ትሰፋለች፣ ታጣብቃለች፤ እሱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሆኖ ይጽፋል። «አንቺ ሥሪ፣ እኔ ላውራ» ይላት ነበር። በትዳራቸው ሁሉ ያልተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ በዱቄት ሙጫ አሠራር። እሱ ውሃው ካልፈላ ዱቄት አይነካም ይላል። እሷ ደግሞ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ አለበት ባይ ነች።

የብሎጉ ተከታታዮች ገጹን በየቀኑ እየከፈቱ አይጠብቁም። አርኤስኤስ ማንበቢያ የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ የሚከታተሉት ብሎግ ላይ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር፣ ጋዜጣ በር ላይ እንደሚደርስ ሁሉ ርእሱን አምጥቶ ያሰልፍላቸዋል። ያልተነበበው ደምቆ ይታያል፤ ከፍተው ሲያነቡት ይደበዝዛል። ባሏ ለሷም አንድ ጭኖላት ነበር። «የገዛ ባልሽን እንኳ ተከታተዪ እንጂ!» ብሎ።

የመጨረሻው ጽሑፉ የወጣው ሆስፒታል በገባ ሰሞን ነው። ርእሱ «ስለ ዱቄት ሙጫ» ይላል። አልከፈተችውም። ያኔ ጊዜ አጣች፤ በኋላ ደግሞ አቅም አጣች። ውሎ ሲያድር፣ ሳትከፍተው እስከቆየች ድረስ ገና የሚነግራት ነገር የቀረው መሰላት። መስመሯም ዓመት ሙሉ እንደደመቀች ኖረች።

ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ማረፉንም ለተከታታዮቹ አልነገረችም። ብሎጉ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ሥራውም ሳሳ። መጽሐፍ የሚልኩላት አብዛኞቹ የብሎጉ አንባቢዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና አሮጌ መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ነበሩና።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የባሏ ታናሽ እህት መጣች። ማስታወቂያ ድርጅት ነው የምትሠራው። ሰላምታ እንኳ ቆማ ስለማትጨርስ ቤተሰቡ ሁሉ ጥድፌ ይላታል።

«እትዬ፣ ሱቁን ልትዘጊው ነው እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«መደርደሪያው። ባዶውን ተገትሮ የለ?»

ጠራዧ የታጠፉትን ወረቀቶች በወስፌ መብሳቷን ቀጠለች።

«ብሎጉን እናንቃው» አለች ጥድፌ። «አሁን ያለበት ድረ ገጽ ሊዘጋ ነው፤ አዲስ አድራሻ ላይ አዛውርልሻለሁ። ‹ተከታተሉ› የሚል ቁልፍ አናቱ ላይ ጉብ አደርግበታለሁ። ሰው አንዴ ማንበቢያው ውስጥ ከጨመረሽ ደጅ ጥናት የለም፤ በጻፍሽ ቁጥር ቤቱ ትገቢያለሽ።»

«ሳልጠራ?»

«ተጠርተሽ እንጂ! የጨመረሽ ራሱ አይደል?»

«እኔ ጽሑፍ አልችልም።»

«ዩኒቨርሲቲ ስትማሪ ታዲያ ምን ስትሠሪ ነበር፣ ድንጋይ ስትፈልጪ?»

ጠራዧ ፈገግ አለች፤ ጥድፌም ፈገግታውን እንደ እሺታ ቆጥራ ወንበሩን ሳበች። ቀኑ ሳይመሽ የወንድሟን ጽሑፎች ሁሉ አዛወረች፤ አሮጌው አድራሻ ተከታታዮቹን ወደ አዲሱ እንዲመራም አደረገች። «አለቀ!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሥራዋን መለስ ብሎ ማየት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ሰኞ ጠዋት ጠራዧ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ገጹ ከላይ እስከ ታች ደምቆ ጠበቃት። ማንበቢያ ምን ያውቃል፤ አድራሻው አዲስ ከሆነ ጽሑፉንም አዲስ ይለዋል። ባሏ በዘመኑ ሁሉ የጻፈውን በአንድ ሌሊት እንደ አዲስ አምጥቶ ዘርግፎታል፤ ለሷም፣ ለተከታታዮቹም። መልእክት በመልእክት ላይ ይወርድ ጀመር።

«ምነው፣ የት ጠፍተው ኖሯል!» ይላል አንዱ። አንድ አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደግሞ እንዲህ ጽፈዋል፦ «እንኳን ተመለሱ፣ ወዳጄ። ክፉ ነገር ያገኘዎት መስሎኝ ስጨነቅ ነበር። ዛሬ ገና እፎይ አልኩ።»

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ጥድፌ እኩለ ቀን ላይ እያለከለከች ደረሰች። «አየሽ? ጉድ እኮ ነው የፈላው! እኛ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለ ምላሽ በሕልማችንም አላየን። በቃ ዝም በያቸው፤ ትንሽ ይሟሟቅ።»

«ይቺን አንብቢያት» አለች ጠራዧ፤ የአዛውንቱን መልእክት እያሳየች።

ጥድፌ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች ተቀመጠች።

«ወንድሜን እኮ ነው እንኳን ተመለስክ የሚሉት።»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አንቺ አድራሻ ቀየርሽ። ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ብትነግሪያቸው ጥለውሽ ይሄዱ ይሆናል እኮ፣ እትዬ። የሚከታተሉት እሱን ነው።»

«ይሂዱ። እፎይ ያሉትን ሰውዬ ግን እንዲህ አልተዋቸውም።»

እንዴት እንደምትነግራቸው ግን አላወቀችበትም። ወደ ገጹ ተመለሰች። መስመሯ ከሌሎቹ እኩል ደምቃ ከሁሉም በላይ ተቀምጣለች። ዓመት ሙሉ ለብቻዋ የጠበቀቻትን አሁን አገር ምድሩ አንብቧታል። ጠራዧ ከፈተቻት።

ምሥጢር የለውም፤ ስንብትም የለውም። ውሃው እስኪንተከተክ ይፈላል፣ ዱቄቱ ከላይ ይነሰነሳል፣ ይማሰላል ይላል። መጨረሻው ላይ፦ «ባለቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ ትላለች። አትስሟት።»

የጠራዧ ሳቅ አፈትልኮ ወጣ። ጥድፌ ደነገጠች፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሳቅ ከሰማች ቆይታለች።

«ምን አለ?»

«ያው የሱ ነገር፤ ዛሬም አልረታም አለኝ» አለች ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። ከዚያ ከጽሑፉ ግርጌ እንዲህ ስትል ጨመረች፦

«ማስተካከያ። ዱቄቱ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ እሳት የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። በፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። የዚህ ብሎግ ጸሐፊ፣ ባለቤቴ፣ ባለፈው ዓመት አርፏል። ሰሞኑን የደረሷችሁ የቀድሞ ጽሑፎቹ ናቸው፤ አድራሻ ስንቀይር በስሕተት እንደ አዲስ ተልከዋል። ሳልነግራችሁ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻሕፍታችሁን ስጠርዝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ የምጽፈውም እኔ ነኝ።»

ጥድፌ ከትከሻዋ በላይ ሆና አነበበችው። ለማስታወቂያ አይሆንም ልትል ነበር፤ ግን ዋጠችው። «ላኪው» አለች።

በሳምንቱ ከተከታታዮቹ አንዳንዶቹ ወጡ። አብዛኞቹ ቆዩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት በሣጥን ላኩ፤ አብሮ የመጣው ብጣሽ ወረቀት «ነፍሱን ይማር። ለነገሩ እኔም የቀዝቃዛ ውሃ ሰው ነኝ» ይላል።

ሣጥኑን ሲፈቱ ጥድፌ ኮምፒውተሩን አየች። ማንበቢያው ጽሑፉ መለወጡን አውቆ «ስለ ዱቄት ሙጫ»ን እንደገና አድምቆ አናት ላይ አስቀምጦታል።

«እትዬ፣ ይቺ ሳትነበብ ቀርታለች። ልክፈታት?»

«ተያት፣ ምን እንደምትል አውቃለሁ» አለች ጠራዧ። ድስቱን አንሥታ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችበት። «ይልቅ ዱቄቱን አቀብዪኝ፤ ሳትደፊው ደግሞ።»