ይቅርታ የተጠየቀበት አላርም

እጸገነት ወደ ቢሮው የገባችው አላርሙ መበላሸቱን ልትናገር ነበር፤ ወይዘሮ ዘውዲ ግን ጥፋቷን ልታምን የመጣች መሰላቸው። «እሰይ፣ በራስሽ እግር መጣሽ» አሉና ወንበር ሳቡላት።

ወይዘሮ ዘውዲ ካዛንቺስ ያለ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ናቸው። በዚያ ሰኔ የሦስተኛው ፎቅ የእሳት አላርም በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ጮኾ፣ ስልሳ ልጆችን በነጠላ ጫማና በፎጣ ዝናብ ላይ አስወጥቷል። እሳት የለም፤ ጭስም የለም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተነጫነጩ፣ በአራተኛው ግን የሚረግሙት ሰው ፈለጉ። አላርሙ የተሰቀለው ደግሞ ከእጸገነት በር በላይ ነው።

ኮርኒሱ ዝናብ ሲጥል እንደሚረጥብ፣ አላርሙም የሚጮኸው ያኔ ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረች። ስትናገር ግን እንደ አስተዳደጓ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ነበርና፣ ወይዘሮ ዘውዲ የደፋችውን አንገት አዩ እንጂ የምትለውን አልሰሙላትም። በማደሪያው ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነውና፣ አላርሙን ያስጮኸችበትን ስቶቭ የት እንደደበቀችው ጠየቋት። ስቶቭ የለኝም አለች። ክፍሏ ተበረበረ፤ ምንም አልተገኘም። አለመገኘቱም ተንኮለኛ አሰኛት። ሁለት ዓመት ከአንድ ሳህን አብራት የበላችው ሉሊ ስትጠየቅ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም ብላ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

ተያዥሽን ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ አልጋውን ትለቂያለሽ ተባለች። ለመመረቂያ ፈተናዋ አሥር ቀን ቀርቷል። ከዚህ ከወጣች ያላት የአጎቷ የአቶ አርአያ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ከሚስታቸውና ከአራት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩባት አንዲት ክፍል ናት፤ ደብተር የሚዘረጋባት ቦታ የላትም። ማደሪያው ስትገባ ዋስ ሆነው የፈረሙላትም እሳቸው ናቸው።

አቶ አርአያ ስታዲየም አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤታቸው አስፈቅደው መጡ። በስልክ ሁሉንም ነግራቸው ነበር፤ አምነዋታልም። ቢሮው ሲገቡ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

«ወይዘሮ ዘውዲ፣ ልጅ ናት፤ አጥፍታለች፤ ለእኔ ሲሉ ይቅር ይበሏት።»

እጸገነት ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በይ። ትልቅ ሰው ፊት ነን።»

አቶ አርአያ እንዲህ ነው የኖሩት። ጎረቤት ሲቀየም፣ አለቃ ሲቆጣ፣ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠየቃል፤ እውነቱ ሰው ከበረደ በኋላ ይደርሳል። ወይዘሮ ዘውዲ ወረቀት አወጡ። በክፍሏ ውስጥ ምግብ ማብሰሏን አምና ይቅርታ እንደምትጠይቅ የሚገልጽ ሁለት መስመር ነበር። እጸገነት እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። የአጎቷ ኮሌታ በዝናብ ርሷል፤ በእግራቸው ነው የመጡት። በሰው ፊት ውሸታም ልታደርጋቸው አልሆነላትም። ፈረመች። እሳቸውም ከሥሯ ፈረሙ።

ወይዘሮ ዘውዲ ወረቀቱን አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«የማደሪያው ባለቤት ጥፋተኛዋን አምጪ እያሉ ሲያስጨንቁኝ ነው የሰነበቱት» አሉ ለስለስ ብለው። «እንግዲህ በቃ፣ ካመነች ደንቡ ግልጽ ነው። እስከ ቅዳሜ ትልቀቅ።»

አቶ አርአያ እንደ ለመዱት ለማመስገን ጎንበስ አሉ፤ የተባለው የገባቸው እንደጎነበሱ ነው።

ቅዳሜ ሉሊ ሻንጣዋን እስከ ታክሲ ልትይዝላት ብትወርድም እጸገነት አልሰጠቻትም። የቀሩትን ቀናት በአጎቷ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አጠናች። በሁለት ትምህርት ወደቀች፤ በዚያ ዓመትም አልተመረቀችም።