የእትዬ ጌጤ የከብት ቤት

ውቢት ከኩዌት ከተመለሰች ሁለተኛ መስከረሟ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች፤ የምትተኛውም እዚያው ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅሉ ጀርባ ነው። ቤት ፈልግልኝ ያለችው ደላላ ካሳሁን አንድ ጠዋት ሳቅ እየተናነቀው መጣ።

«አንድ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ጋፋት መንገድ ላይ። ግን እንዳትቆጪኝ፣ የከብት ቤት የነበረ ነው።»

«ከብቶቹስ?»

«ከብቶቹማ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን አንዲት ሴትዮ ናቸው የሚኖሩበት።»

ካሳሁን ትቀየመኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን መቀሷን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሳች። ሰው ከብት ሲያድርበት የኖረን ቤት እንዴት አድርጎ መኖሪያ እንደሚያደርገው ማየት ፈልጋለች፤ የመግዛቱ ሐሳብ እንኳ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ግቢው ከከተማው ጫፍ፣ የገብስ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ ቆርቆሮው ዝጎ የቀላ ትልቅ የጭቃ ቤት ነው። ሌላው ዝቅና ረዘም ያለ፣ በድንጋይ የተሠራ ሲሆን መስኮቶቹ ሰማያዊ ተቀብተዋል። ከግቢው በር የሚነሳው የእግር መንገድ ለሁለት ተከፍሎ ወደየቤቶቹ ይሄዳል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግር ግን የለም፤ በሁለቱ ደጃፍ መሀል ያለው ሣር ጉልበት ይደርሳል። ውቢት ይህን አይታ ቆም አለች፤ ካሳሁን ግን አንኳኩቶ ነበር።

ባለቤቲቱ እትዬ ጌጤ ስልሳን ያለፉ፣ በጉልበት ሕመም ትንሽ የሚያነክሱ ሴት ናቸው። «ግቡ፣ ግቡ» ብለው አስገቧቸው።

ውስጡ ሞቅ ያለ ነው። ግድግዳው በነጭ አፈር ተለቅልቋል። በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋው የመኖ ገንዳ ተደልድሎ መደብ ሆኗል፤ አጎዛ ተነጥፎበታል። የከብት ሽንት ይወርድበት የነበረው ቦይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል። ውቢት አንዱን ምሰሶ በእጇ ዳሰሰችው። ላይና ታቹ ሻካራ ነው፤ ከወገቧ ትይዩ ያለው ግን እንደ ተወለወለ ዕቃ ልሟል።

«ይህን ምን አለሰለሰው?»

«ቦራ የምትባል ላም ነበረችኝ። አንገቷን የምታክበት እሱ ነበር።»

«ሲዘንብስ አይሸትም?»

«ሁለት ክረምት ሸተተኝ። ከዚያ ወይ እሱ ተወኝ ወይ እኔ ለመድኩት።»

«ያ ትልቁ ቤትስ የማን ነው?»

«የዘውዱ» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ወደዚያ ሳያዩ። «ባሌ ነበር።»

ካሳሁን በቃሽ ለማለት ጉሮሮውን ጠረገ። ውቢት ግን መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ምን ሆናችሁ ተለያያችሁ?»

እትዬ ጌጤ አልተቆጡም። «ቦራን ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የለችም፤ ሳይነግረኝ ሸጧታል። ሌላም ብዙ ነገር ነበር፤ ጽዋው የሞላው ግን በሷ ነው። ሽማግሎቹ ሲያካፍሉን ቤቱን ለሱ፣ የቀሩትን ከብቶችና ጋጣውን ለኔ አደረጉ። ጋጣ ደርሷት የት ትገባለች፣ ወደ ባሏ መመለሷ ነው ብለው። እኔ ከብቶቹን ሐሙሲት ላለችው ልጄ ሰድጄ ገባሁበት።»

«አሁንስ ለምን ይሸጡታል?»

«ጉልበቴ ነዋ። ውሃ መቅዳቱ ከበደኝ። ልጄም ነይ ነይ ትለኛለች፤ እዚያ ሆኜ ወንዛዬ ፍል ውሃው ቅርቤ ነው።»

በዚህ መሀል ከደጅ የሳል ድምፅ ተሰማ። አንድ ረጅም ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ከደፉ ውጭ ቆመዋል።

«ጣራውን አሳየሻት?» አሉ።

«ምን አገባህ?» አሉ እትዬ ጌጤ። በትዳር ሳሉ አንቱ ይሏቸው ነበር፤ ከተፋቱ ወዲህ አንቱታው ቀርቷል።

አያ ዘውዱ ግን ወደ ውቢት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ቤት እንዳታልፊው። ጣራው ጠብታ አያሳልፍም። በምሥራቅ በኩል ያለው አዲሱ ወራጅ እንጨት ጥድ ነው፤ የቆርቆሮው ምስማርም ሁሉም ጎማ አለው።»

ውቢት ቀና ብላ አየች። ጣራው ከውስጥ በተሰፋ ማዳበሪያ ተሸፍኗል፤ ወራጅም ምስማርም አይታይም።

«አያ ዘውዱ፣ እዚህ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከተፋታን ወዲህ ይህን ደፍ ረግጬ አላውቅም።»

«ታዲያ የወራጁን ነገር በምን አወቁት?»

እትዬ ጌጤ ያነሱትን ቅል መልሰው አስቀመጡ።

«አንድ ጊዜ ወንዛዬ ሄጄ ሳለ ነፋስ ቆርቆሮውን ከነወራጁ ገንጥሎት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስመለስ ተጠግኖ አገኘሁት። የወንድሜ ልጅ ፋንታው ነው ብዬ በግ ሰጠሁት።»

«ፋንታውማ በጉን በላ» አሉ አያ ዘውዱ።

ካሳሁን ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

«አንተ ነህ?»

«ታዲያ ዝናቡ ቤትሽ ሲገባ ማዶ ተቀምጬ ልየው?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ኖሮ መልሰሽ ትገነጥይው ነበር።»

እትዬ ጌጤ «ይህስ እውነት ነው» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰብሮ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ለውቢት «ልጄ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ» አሏት።

ሌላ ቀን የተባለው ግን ሳይደርስ ሰነበተ። ካሳሁን ሌላ ቤት ቢያሳያትም ከውቢት ልብ አልገባ አለ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስትሰፋ፣ ሁለቱ ሰዎች ምን ተባባሉ ይሆን እያለች ታስባለች። ጥቅምት ሲያልቅ ካሳሁን ደወለላት።

«የሚሸጠው ተለወጠ። አሁን የሚሸጠው ትልቁ ቤት ነው።»

ስትደርስ አያ ዘውዱ የአልጋቸውን ቋሚ ተሸክመው ወደ ድንጋዩ ቤት ሲያስገቡ አገኘቻቸው። የንስሐ አባታቸው አስታርቀዋቸዋል። እትዬ ጌጤ ጋጣዬን አለቅም ስላሉ የሚዛወሩት አያ ዘውዱ ሆኑ፤ ውሃ መቅዳቱም የሳቸው ሆኗል። የሰው ቤት እንደዚያ ያሞገሱት ሰው የራሳቸውን ሲያሳዩ ግን ነቀፌታ ብቻ ነበር። «ጭስ የጠገበ ነው። ይጨልማል። በክረምት በዚህ ጥግ ያፈሳል» እያሉ አዞሯት። ውቢት እየሳቀች ገዛችው።

በገባች በሳምንቱ እትዬ ጌጤ ሊጠይቋት መጡ። ውቢትም የከረመ ጥያቄዋን አወጣችው። «የቦራን ነገር ይቅር አሏቸው?»

«እሱን ገና አልማርኩትም» አሉ እትዬ ጌጤ። «የቆርቆሮውንም አልረሳውም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው።»

ከዚያ ቤቱን ዞረው አዩና በከሰል ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። «እዚህ ላይ መስኮት ክፈቺ። የጠዋት ፀሐይ ይገባልሻል።»

አያ ዘውዱ ከደጅ ሆነው «ግድግዳው ይናዳል!» ብለው ጮኹ።

ውቢት መስኮቱን አስከፈተች። ግድግዳው አልተናደም።