አንድ እጅ ቀለም

ሰው ደረቱን ነፍቶ «ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ ምንም የለበትም» ሲለኝ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል። የምሠራው ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ነው። ያረጁ ኮምፒውተሮች ከመሸጣቸው በፊት የደንበኞች ምስጢር አብሮ እንዳይሸጥ ሃርድ ዲስካቸውን የማጠፋው እኔ ነኝ። ማጥፋት ስል ደግሞ የምሬን ነው። ፎርማት የሚሉት ነገር፣ በተለይ ፈጣኑ፣ የመጽሐፍን ማውጫ ገንጥሎ ገጾቹን እንዳሉ መተው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ማውጫ ሲያጣ «ባዶ ነው» ይላል፤ የዋህ ነው፣ የነገሩትን ያምናል። ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተጋድሟል። በደንብ ማጥፋት የሚባለው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር፣ በነበረው ላይ ትርጉም የሌለው ነገር እየጻፉ መሙላት ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ያሰለቻል። እኛ ዘንድ ከዚያም በኋላ አንድ ደንብ አለ፤ ያጠፋነውን መልሰን እንፈልገዋለን። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሶፍትዌር ከፍተን፣ ልክ እንደ ሌባ፣ አንዲት ቃል እንኳ ተርፋ እንደሆነ እንበረብራለን። ፈልገን ስናጣ ብቻ ነው ጠፋ የምንለው።

የእህቴ ባል ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥት አልፈጠረበትም። እኔና እህቴ በሌለበት «አንድ እጅ» እያልን የምንጠራው በዚሁ ጠባዩ ነው እንጂ እጁስ ሁለት ነው። አዲስ የተጋቡ ሰሞን የሳሎኑን ቡናማ ግድግዳ ነጭ እቀባለሁ ብሎ ተነሣና አንድ እጅ ቀለም ለቅልቆ «በቃ፣ አለቀ» አለ። አሮጌው ቀለም መጀመሪያ እንደሚፋቅ፣ ከዚያም ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ እንደሚደገም ብንነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ግድግዳው ሲደርቅ ቡናማው ከሥር እንደ ሻይ እድፍ ብቅ አለ። እሱ ግን ሶፋውን ገፍቶ አስጠጋበት። እንጀራው ለማስታወቂያ ድርጅት መፈክር መጻፍ ነው፤ ለሳሙና፣ ለፍራሽ፣ ለመጣው ሁሉ። ራሱን ለሰው የሚያስተዋውቀው ግን «ደራሲ ነኝ» ብሎ ሲሆን፣ ያልጀመረውን መጽሐፍ ለዓመታት ሲያወራልን ኖሯል።

እውነተኛዋ ደራሲ እዚያው ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩስ ነበር። ታናሽ እህቴ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎትና በበረኪና መሐል ትውላለች። ከሥራ ስትመለስ የተኮሰችውን ልብስ አጣጥፋ፣ በዚያችው መተኮሻ ክፍል በራሷ ደሞዝ ከገዛችው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። ልብ ወለድ ነበር የምትጽፈው። ታሪኩ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው። በሆስፒታል የሞተ ሰው ፒጃማ ኪስ ውስጥ ቀጭን የሴት ቀለበት ታገኛለች፤ ለቤተሰቡ ካልመለስኩ ብላ ቤቱን ፍለጋ ከተማውን ታዳርሳለች። እህቴ አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በስልክ ታነብልኛለች። መጨረሻውን ግን ለእኔም አላነበበችልኝም። አንድ እጅ በበሩ ሲያልፍ «ዛሬም ትሞነጫጭሪያለሽ?» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። ያ ሳቋ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ እያለን ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ስለ ሰው ሥራ ጠይቆ ስለማያውቅ ገርሞኝ ሁሉንም አስረዳሁት፤ ማውጫውን፣ ገጾቹን፣ በላዩ ላይ መጻፉን፣ መልሶ መፈለጉን። ገና ሳልጨርስ ማዛጋት ጀመረ። «እትዬ ደግሞ፣ ሥራ ለመፍጠር ነው እንጂ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ምን ይቀራል?» አለና ሄዶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እኔም ወደ ዳቦዬ ተመለስኩ፤ ከእሱ ጋር መከራከር ለራስም አያምርም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እህቴ ቢሮ ደወለችልኝ። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ባሏ ፎርማት እንዳደረገው፣ አዲስ ሲስተምም እንደጫነበት፣ ድርሰቷን ውሃ እንደበላው ነገረችኝ። ሌላ ቅጂ እንዳላት ጠየቅኳት። የላትም። እንዴት የስንት ዓመት ልፋትሽን አንድ ቦታ ብቻ ታስቀምጫለሽ ብዬ ተቆጣኋት፤ የኔ እህት ሆና ይህን አለማወቋ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ረጋ ብዬ፣ ኮምፒውተሩን እንዳትነካው፣ ጭራሽ እንዳትከፍተው፣ የጠፋውን እኔ መጥቼ እንደምፈልግላት ነገርኳት። አሻፈረኝ አለች።

«ፈልገሽ ብታጪውስ?» አለችኝ። «አሁን ቢያንስ ምናልባት አለ እላለሁ።»

ኮምፒውተሩን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ዕቃ ቤት አስገባችው። ቅስሟ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስትደውልልኝ የምታወራው ስለ ዋጋ መወደድና ስለ ጥርስ ሕመሟ ብቻ ሆነ።

መጽሐፉ የወጣው በዓመቱ ነው። በፊት ሽፋኑ ላይ የአንድ እጅ ስም፣ በጀርባው ደግሞ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሲያስብ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ ማሰቡ ሊታይ የሚችለው በፎቶ ብቻ ነው። ውስጡ የልብስ አጣቢዋ ታሪክ ነበር፣ ቃል በቃል። እህቴ የተሳሳተ ፊደሏን ሳይቀር እንዳለ አገኘችው። ገና ፎርማት ከማድረጉ በፊት በፍላሽ ገልብጦ ወስዶት ኖሯል። ስትጠይቀው አልደነገጠም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀመጠ። «ሐሳቡን አንቺ ነግረሽኝ ይሆናል፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ያንቺ ነው ካልሽ ማስረጃሽን አምጪ» አላት። የእህት ምስክርነት ብቻውን በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አላወቀም። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ አጣቢዋ ቤቱን ታገኝና ልታንኳኳ እጇን ታነሣለች፤ እዚያ ላይ ያልቃል። አንድ ጋዜጣ ይህን «ለአንባቢ በድፍረት የተተወ ክፍት ፍጻሜ» ብሎ አንቆለጳጰሰው። እሱም ያንን ጽሑፍ ቆርጦ በመስታወት አስገብቶ ሰቀለው፣ ያውም ቡናማው በወጣበት ግድግዳ ላይ። እህቴ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በአንሶላ የተጠቀለለውን ኮምፒውተር አቅፋ በታክሲ እኔ ቤት መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፈልጊው» አለችኝ።

ዲስኩን ነቅዬ፣ ምንም አዲስ ነገር እንዳይጻፍበት አድርጌ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። አንድ እጅ የመረጠው ፈጣኑን ፎርማት ነበር። ሰውየው ሲሰርቅ እንኳ አሰልቺውን መንገድ አልወደደም። ያን ቀን እራት ላይ ማዛጋቱን ትቶ ቢያዳምጠኝ ኖሮ የእህቴ ልፋት ድምጥማጡ ጠፍቶ ነበር፤ ይህን ሳስብ ይዘገንነኛል። ሲስተሙን ሲጭን ጥቂት ቦታ ስለተጻፈበት ሁለት ምዕራፎች ተቆራርጠው ነው የወጡት። የቀረው ግን ተራ በተራ መጣ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ፣ የሁለተኛው፣ ጽፋ የሰረዘችው፣ እንደገና የጻፈችው፣ እያንዳንዱ ከነተጻፈበት ቀኑ። እህቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

መጨረሻ ላይ «የመጋረጃ ልክ» የሚል ፋይል ወጣ። ልዘለው ስል እጄን ያዘችኝ።

«እሱ ነው» አለች። «ማንም እንዳይከፍተው ብዬ ነው ስሙን እንዲህ ያልኩት።»

የልብ ወለዱ የመጨረሻ ምዕራፍ ነበር። ሌባው ስለ መጋረጃ ግድ ስለሌለው ሳይከፍተው አልፏል። እኔ በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ እንሂድ አልኩ። እሷ እንሄዳለን አለች፤ በፊት ግን ሰው ባለበት አንዲት ጥያቄ ልትጠይቀው ትፈልጋለች።

በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስለ መጽሐፉ ውይይት ተዘጋጅቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ አሳታሚውም ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ዝግጅቱም በቪዲዮ ይቀረጻል። አንድ እጅ በአዲስ ኮት ሽክ ብሎ፣ ኮሌታው ላይ ትንሽ ማይክ ተሰክቶለት፣ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ስለ ፈጠራ ስቃይ ተናገረ። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ስትወለድ እንዴት እንዳማጠ አብራራ። ልብስ አጣቢዋ የሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ ናት አለ፤ በሩም እንደዚያው የሆነ ነገር ምሳሌ ነው አለ፤ የምን እንደሆነ አልያዝኩትም፣ እሱም የያዘው አይመስለኝም። ሰዉ አጨበጨበ። የሰው ልጅ ለምን ሁሉ እንደሚያጨበጭብ ባየሁ ቁጥር ይሰለቸኛል።

ጥያቄ ሲፈቀድ እህቴ እጇን አወጣች። ሚስቱ መሆኗን ያወቁ ፈገግ አሉላት። እሱም ፈገግ አለ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለችው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ድምፁን አለስልሶ። «በሩን የሚከፍተው አንባቢው ነው።»

«አይደለም። የከፈተችው የሟቹ ሚስት ናት።»

ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ስልክ ላይ እንደማውቀው ሆነ። ልብስ አጣቢዋ ታንኳኳለች። ጥቁር የለበሰች ሴት ትከፍታለች። ልብስ አጣቢዋ ቀለበቱን ልትሰጥ መዳፏን ልትዘረጋ ስትል የሴትየዋን እጅ ታያለች፤ የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ነው። ኪስ ውስጥ የተገኘው የሌላ ሴት ነው ማለት ነው። ሚስትየዋ «ምን ነበር?» ትላለች። ልብስ አጣቢዋ ጣቶቿን ትጨብጥና «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብላ ደረጃውን ትወርዳለች። ቀለበቱ እስከ ሰፈሯ ድረስ መዳፏን ይወጋታል።

 አዳራሹ ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያ ሁሉ መንከራተት ለዚህች ደጃፍ የተጻፈ መሆኑን መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። አንድ እጅ ከመድረኩ ወርዶ በፍጥነት ወደ እኛ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ከየት አመጣሽው? ፎርማት አድርጌው ነበር እኮ።»

ኮሌታው ላይ የተሰካውን ማይክ ረስቶታል። «አድርጌው ነበር እኮ» የምትለው ቃል በአራቱም ማዕዘን በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች አዳራሹን ሞላችው። አሳታሚው ከወንበሩ ተነሣ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለው። እኔ ለመሳቅ ብዬ ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ቀን ነበር፤ እህቴን ሳያት ግን ሳቄ ጠፋ። እያለቀሰች ነበር።

ጠበቃው ብዙ አልደከመም። ረቂቆቹ ከነቀናቸው፣ በአዳራሹ የተቀረጸው ቪዲዮም ከነድምፁ ቀረበ። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰብስቦ በእህቴ ስም፣ ከነመጨረሻ ምዕራፉ እንደገና ታተመ። አንድ እጅ ኮቱንና በመስታወት ያለውን ጋዜጣ ይዞ ከቤት ወጣ። ሶፋውን ስናነሣው የግድግዳው እድፍ ከበፊቱ ሰፍቶ አገኘነው።

አንድ እሑድ ጧት እህቴ እኔ ቤት መጣች። ድርሰቷ ለብቻው መቀመጡን ጠየቀችኝ። ሦስት ቦታ አልኳት። ከዚያ ዲስኩ ላይ ሌላ ምን እንደተመለሰ ጠየቀች። ልነግራት አልፈለግኩም ነበር፤ እሱ ሳያገባት በፊት የጻፈላት ግጥሞችና የሠርጋቸው ፎቶዎች ሁሉ ተመልሰዋል። አሳዪኝ አለች። አንዱን ፎቶ ብቻ አየች። እሷ እየሳቀች ነው፤ እሱ ካሜራውን ያያል።

«ይሄንን አጥፊልኝ» አለችኝ። «እሱ እንደሚያጠፋው ሳይሆን አንቺ እንደምታጠፊው።»

ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ጀመርኩ። አሮጌ ዲስክ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ሂጂ፣ ሲያልቅ እደውልልሻለሁ ብላት እምቢ አለች፤ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ሻይ ጠጣን፤ ስለ ጥርሷ አወራን፤ ዲስኩ ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳየው ቁጥር ቀስ እያለ ሲጨምር አብረን አየነው። ሲያበቃ እንደ ደንባችን ሶፍትዌሩን ከፈትኩና መልሼ ፈለግኩ።

«አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«በደንብ ፈልገሻል?»

እንደገና ፈለግኩላት። ከዚያ ተነሥታ ሹራቧን ደረበች።