ታያለህ የተባለው ውሻ

በኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም። ለጎረቤት ነው የሚወጣው፣ ለባላጋራ፣ ፊት ለፊት መናገር ላልተቻለ ሰው። አባቴ በድንበር የተካሰሰው ጎረቤቱ በበራችን ሲያልፍ ውሻውን «ፍርድ አለ! ፍርድ አለ!» እያለ ይጣራ ነበር። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ውሻው ምን እንደተባለ አያውቅም፤ ጭራውን ይቆላል።

እኔም እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ከምንከራይበት ግቢ በር ላይ ያገኘሁትን ቡችላ ሳሳድግ «ታያለህ» አልኩት። የታሰበለት ሰው ነበረ። ፀጋዬ ይባላል፤ የእህቴ የካሳነሽ ባል።

ከፀጋዬ ጋር ጀርሚስተን ውስጥ ብርድ ልብስ በትከሻችን ተሸክመን በር ለበር ሸጠናል። ከሆሳዕና መጥቶ መንገዱ ሁሉ ሲጠፋበት ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከእህቴ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። «እህትህን ለጴንጤ ሰጠሃት» ብሎ የተቆጣውን የአገር ቤት ዘመድ በስልክ ለምኜ ያስታረቅሁትም እኔው ነኝ። ቶኮዛ ውስጥ ለስፓዛ፣ ለሰፈር ሱቅ፣ የሚሆን ቤት ሲያገኝ «ጋሽ ለገሠ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ያንተ ነው» አለኝ። ሱቁ ሲከፈት ቁልፉ ከወንድሙ ከሀቢሶ ኪስ ተገኘ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አሳምሮ መናገር አይሆንለትም፤ ስጀምረው ቃሉና ንዴቱ ይደባለቅብኛል። ብቻ እሁድ እሁድ ካሳነሽን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ታያለህ! ና ወዲህ፣ ታያለህ!» እላለሁ። ይሰማል። ፈገግ ይልና ሲገባ የውሻውን ሆድ በጫማው ጫፍ ያክክለታል። ከቁልፉ ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ፈገግታ ነው።

ካሳነሽ ስሙ ለዮፍታሄ የወጣ ይመስላት ነበር። ዮፍታሄ የግቢው ሌላ ተከራይ ነው፤ በልብስ ማስጫ ገመድ ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ የለንም። ይምሰላት ብዬ ተውኳት።

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በሐምሌው ብርድ፣ ፀጋዬን ሳል ጀመረው። አምቡላንስ ወሰደው። ካሳነሽ ከሆስፒታሉ በር ተመለሰች፤ ጠያቂ አይገባም። ስልኩን ይዞ ገብቶ ነበር፣ ባትሪው አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው የነርስ ድምፅ ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ተቀበረ፤ ያወረዱት ሰዎች እንደ ማር ቆራጭ ተሸፋፍነው። ፊቱን አላየችም። ለቅሶም ለቅሶ አልሆነ። ተራርቆ ቆሞ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል?

ሱቁን ሀቢሶ ያዘው። እሷን ወደኔ አመጣኋት።

አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች ሳለ ትንፋሿ ተቆረጠ። ደረቷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እኔንም ያዘኝ ጋሼ፣ እኔንም ያዘኝ።» ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ተመረመረች፤ ምንም የለም። በማግስቱም ደገማት። ከዚያ ወዲያ ከክፍሉ መውጣት ፈራች፤ እንቅልፍም ተዋት፤ እህል ከአፏ አይወርድም። ከባሏ ቀጥላ ልትከተለው መሰለኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ፊቤ የምትባል የኛ አገር ልጅ አለች። እዚሁ ያደገች ናት፤ ለበሽተኛ ታስተረጉማለች።

«ጋሼ፣ ኮሮና አይደለም። ሲስተሯ ፓኒክ ነው ትላለች። ሐዘኑ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥራት። ቤት ውስጥ ውሻ አላችሁ?»

«ምን ልታደርጊው? ይታረድ?»

«አይ ጋሼ! ውሻ እኮ ይሰለጥናል። ሰው ሲጨንቀው መጥቶ እግሩ ላይ ይተኛል፣ ክብደቱን ይጥልበታል፣ ሰውዬው ይረጋጋል። ለእናቴ አድርጌዋለሁ፣ ሪሊ።»

«የኔ ውሻ ሌባ መንከስ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ጎበዝ ተማሪ ነው። ከርስዎ ነው የተማረው?»

ሳቅሁ። ሐዘን ቤት እያለኝ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አስተማረችን። ሥራው እንዲህ ነው፤ እኔ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ እቀመጥና እንደ ካሳነሽ ደረቴን ይዤ ቶሎ ቶሎ እተነፍሳለሁ። ውሻው ምን ሆነ ብሎ ሲያሸተኝ ፊቤ የተቀቀለ ጉበት ታጎርሰዋለች። ቀጥሎ አገጩን ጉልበቴ ላይ ካላስቀመጠ ጉበት የለም። በመጨረሻ እግሬ ላይ ተጋድሞ ካልተኛ የለም። ዮፍታሄ በመስኮት አይቶ «ለገሠ ለየለት፤ ውሻው ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ እሱ ያለከልካል» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ያውራ። ለውሻው ፀጉር የቁንጫ መድኃኒት አደረግሁለት፣ በልብስ ሳሙና አጠብኩት፣ ሰንሰለቱን ፈታሁለት።

ካሳነሽ ግን ቤት አላስገባም አለች። «ውሻ የገባበት ቤት መልአክ አይገባም፣ ጋሼ።»

«እስካሁን የት ነበረ መልአኩ?» አልኳት።

አፌ እንዲህ ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች፣ ወዲያው ትንፋሿ ያጥር ጀመር። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ስቆም፣ ደጃፉ ላይ የነበረው ውሻ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልጠራውም፣ ጉበትም የለም። እግሯ ላይ ተጋደመ። ልትገፋው እጇን አነሣች፤ እጇ ጀርባው ላይ እንዳለ ቀረ። ቆይቶ ትንፋሿ ከውሻው ትንፋሽ ጋር ገጠመ።

ፊቤ ይህን ስትሰማ አጨበጨበች። «አሁን ከርስዎ ወደሷ ይለፍ። ሲጀምራት ራሷ ትጥራው። ሁልጊዜ በስሙ፣ በአንድ ስም። ስሙ ራሱ መድኃኒት ይሆናታል።»

እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ቆም አለ። ኋላ ግን፣ ሰውዬው ሞቷል፣ ስም ደግሞ ስም ነው፣ አልኩ። በስንት መከራ የለመደውን ውሻ ስም ቀይሬ ላደናግረው?

እንግዲህ ትንፋሿ ባጠረ ቁጥር «ታያለህ... ታያለህ...» ትላለች፤ ይመጣል። እየቆየ መተኛት ጀመረች። አልጋዋ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችለት። ከዚያ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ታክሲ መያዣው ከሱ ጋር መሄድ ቻለች። ፊቤ ቀይ ሰደርያ ሰፍታ አለበሰችው። የታክሲው ሹፌር «ይሄኛው ማስክ የለውም፣ አይሳፈርም!» እያለ ይቀልድባት ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ አቅርባልኝ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር አብሬው ነበር የምቀበረው» አለችኝ። በዚህ አገር ስኖር ሰው አመስግኖኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ እሁድ ሀቢሶ መጣ። ዘይትና ዳቦ ይዟል። ተቀምጦ የሱቁን ወሬ አወራት፤ አንዲት ጎረቤት አሮጊት እስካሁን መስኮቱ ድረስ እየመጡ «ፀጋዬ የት ሄደ?» እንደሚሉ ነገራት። ያን ሲል ትንፋሿ ተያዘ።

«ታያለህ» አለች ቀስ ብላ። «ታያለህ... ና...»

ውሻው መጥቶ ተጋደመባት። ሀቢሶ ዳቦውን እንደያዘ ፈዘዘ።

«ይሄ ነው እንዴ የሚያክምሽ? ይሄ ውሻ?»

«አዎ። ጋሼ ነው ያሰለጠነልኝ።»

«ይገርማል። ፀጋዬ እኮ ከዚህ በተመለሰ ቁጥር ያስቀኝ ነበር። ‹ዛሬም ለገሠ በውሻው ዛተብኝ› ይለኛል።»

«ለዮፍታሄ ነው የወጣው» አለች፤ አሁንም የውሻውን ጆሮ እያሸች።

«ዮፍታሄ? እሱ ደግሞ ምን አደረገ?» ወደኔ ዞረ። «ጋሽ ለገሠ፣ ለማን ነው ያወጡት?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። ዮፍታሄ ነው ብል ያልቅ ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ቁልፉስ?» አልኩት። «ስለ ቁልፉስ አልነገረህም?»

ካሳነሽ እጇን ከውሻው ላይ አነሣች።

«ስንት ጊዜ ጠራሁት» አለች። «ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሚስቱ ‹ታያለህ› ስለው ከረምኩ።»

«ለሞተ ሰው አላወጣሁትም። በቁሙ ነበር። እሱም እየሳቀ...»

«ምን እንዲያይ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ውሻው መለስኩ።

«ንገረኝ እንጂ ጋሼ። አየልህ ወይ?»

እግዜር ያውቃል፣ ሞቱን አልነበረም። የራሴን ሱቅ ከፍቼ፣ ቁልፉን በጣቴ እያዞርኩ በፊቱ ሳልፍ እንዲያይ ነበር። ይህንን ግን ምን ብዬ ልንገራት? ሱቁ የለ፣ ቁልፉ የለ፣ ሰውዬው የለ።

ልብሷን በፌስታል መሰብሰብ ጀመረች። ከሀቢሶ ጋር ልትሄድ ነው። ገመዱን አንሥታ ውሻው አንገት ላይ ስታስር ግን ግራ ገባኝ።

«እሱን ተዪው ካሳነሽ» አልኳት። «ሌላ እናሰለጥንልሻለን። ጥሩ ስም ያለው።»

«ውሻው ምን አደረገ?» አለች።

ይዛው ወጣች። ዮፍታሄ በሩን ከፈተላቸው።

ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የማገኘው ከፊቤ ነበር። ውሻውን አዲስ ስም ለማስለመድ ቶኮዛ ድረስ እየሄደች አግዛታለች። «‹አየሁ› ነው የምትለው አሁን። ጨርሶ ለምዶታል ጋሼ» አለችኝ ደስ ብሏት። ልጅቷ እዚህ ያደገች ናት፤ ስም ነው ብላ ነው። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ የውሻ ስም ማንም አይፈታልኝም። ያየችው ካሳነሽ ናት።

ደጋግሜ ደወልኩ፣ አታነሣም። ክትባቱ ለኛ ዕድሜ ሲደርስ ተወግቼ፣ ካርዴን ኪሴ ከትቼ፣ በታክሲ ቶኮዛ ሄድኩ። ሱቁ ፊት ሰልፍ ነበር። ተሰለፍኩ። ካሳነሽ ከብረት ሽቦው ጀርባ ቆማ፣ ማስክ አድርጋ፣ አንዲትን አሮጊት «ሳውቦና ጎጎ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ በዙሉኛ ስለ ጉልበታቸው ስትጠይቅ ሰማሁ። ድምፅዋ ደህና ነው። ሥጋም ይዛለች። ተራዬ ደረሰ።

«ምን ልስጥዎት?»

ማስኬን ዝቅ አደረግሁ። «ካሳነሽ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅሁዎት።»

ጋሼ ካለችኝ አፍ «እርስዎ» ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው። ውሻው ሽታዬን አግኝቶ ከእግሯ ሥር ተነሣ፣ አፍንጫውን በሽቦው አስገብቶ ጣቴን ላሰኝ። ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ። የድሮውን እሷ ፊት አልደፍረውም፤ አዲሱን አፌ እምቢ አለ። ጣቴን ብቻ ተውኩለት።

«ትተኛለሽ?» አልኳት።

«እተኛለሁ። እሱ ያስተኛኛል።»

«በሩን አትከፍቺልኝም? ትንሽ ልቀመጥ።»

«ኮሮና ነው» አለች።

ከኋላዋ ሀቢሶ ከሁለት የሰፈር ሰዎች ጋር ከአንድ ሰሃን እየበላ ነበር፤ አንዳቸውም ማስክ የላቸውም። እሷም እንዳየሁ አየች። አይኗን አልሰበረችም።

«ዳቦ» አልኩ።

ዳቦውን በሽቦው ቀዳዳ አሳለፈችልኝ። «አየሁ፣ ና» አለችው ውሻውን፤ ጣቴን ትቶ ወደ እግሯ ተመለሰ። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ሕፃን አዝላ ነበር፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። ቦታውን ለቀቅሁላት።