«ጎረቤት» መጽሔትና የላላችው «ፈ»

ሰው መቼም የጎረቤቱን ድግስ ሳያማ አያድርም። ሐሜቱ በወረቀት ቢወጣ ምን ይለዋል? ወልደኢየሱስ «ጎረቤት» የተባለችውን መጽሔት የጀመረው በዚህ ሐሳብ ነበር። ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ካፖርት ያሰፋ፣ ልጁን የዳረ፣ ከአዲስ አበባ ራዲዮ ያስመጣ ሁሉ ስሙ በ«ጎረቤት» ካልወጣለት እንቅልፍ አይወስደውም። ስሙ የወጣለትም እንቅልፍ አይወስደው፤ ጎንደር የቅኔ አገር ናትና ምስጋናን እንዳለ የሚቀበል የለም፣ ወርቁን ካልፈለፈለ አይለቅም። ወልደኢየሱስ ደግሞ ራሱ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ «ነገር የለበትም» ቢል ማን ይመነው?

መጽሔቷ የምትባዛው በቀኛዝማች ቢያዝን ምድር ቤት ነው። ቀኛዝማች ክፍሉን ያለ ኪራይ የሰጡት ለሥልጣኔ ካላቸው ፍቅር ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን ስማቸውን ታትሞ ማየት ይወዱ ነበር። ሌላ ክፍል የሚሰጥ ስለሌለ እሳቸው ካኮረፉ «ጎረቤት» አበቃላት። እናም ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ ወልደኢየሱስ ከልቡ ሊያሞግሳቸው፣ «ቀኛዝማች ቢያዝን በአደባባይም በቤታቸውም ይፈራሉ» ብሎ ጻፈ።

ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። አድማሴ የሚባል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጠጅ ቤት ውስጥ መጽሔቷን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ያ ክፉ፣ «ፈ»ን ማጥበቅ ሲገባው አላላት። ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ቀኛዝማች ራሳቸው ፈሪ ሆነው ቁጭ አሉ። ጠጅ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ቀኛዝማች ወልደኢየሱስን አስጠሩት።

«አንተ ደብተራ! እኔ ፈሪ ነኝ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔስ አጥብቄ ነው የጻፍኩት!»

«ጥብቀቷ ታዲያ የት አለች? አሳየኛ!»

ከየት አምጥቶ ያሳያቸው?

«አርመህ አውጣ። እምቢ ካልህ ማባዣህን ተሸክመህ ውጣልኝ» አሉት።

አረመ። «ባለፈው እትም ይፈራሉ ያልነው ጠብቆ ይነበብልን» ብሎ አወጣ። ያልሰማው ሁሉ ያን ጊዜ ሰማ። ከሳንጃ የመጡ የሰሊጥ ነጋዴዎች ሳይቀሩ፣ «ምነው፣ አያ ቢያዝንን ምን አስፈራቸው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ወልደኢየሱስ ቢጨንቀው ማጥበቅ ማላላት የማያውቀው ቃል ፈልጎ በሚቀጥለው እትም «ቀኛዝማች ቢያዝን ያስፈራሉ» ብሎ ጻፈ። አገሩም «መልካቸውን ማለቱ ነው» አለ። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው።

ቀኛዝማች ከዚህ በኋላ አልታገሡም። የመጀመሪያዋን እትም እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው አሽከሮቻቸውን «አውጧት!» አሏቸው፤ ማባዣዋም እንደ ሬሳ በሁለት ሰው ተይዛ ወጣች። ወልደኢየሱስ ልቡ ተሰበረ። ያቺን መጽሔት ከምንም ነገር አብልጦ ይወዳት ነበር።

«እኔኮ ሸጋ ነገር መስሎኝ ነው» አለ ማባዣዋን በዓይኑ እየተከተለ።

ይህን ጊዜ የቀኛዝማች ባለቤት ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከሰገነቱ ወረዱ። መጽሔቷን ከባላቸው እጅ ወስደው ያቺን «ይፈራሉ» የምትለውን መስመር አነበቧት። አንዴ አጠበቋት፣ አንዴ አላሏት።

«ምነው ጌታው፣ ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ በትሕትና።

«ፈሪ አደረገኛ!»

«ልጁ ልክ ነው የጻፈ። ማንበቡን ነው ያላወቃችሁበት። አደባባይ ሲሆን ይጠብቃል፤ ቤት ሲገቡ ይላላል።»

አሽከሮቹ ማባዣዋን እንዳንጠለጠሉ መሬት መሬት አዩ። ቀኛዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከሚስታቸው ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ መልሰው ዘጉት።

«በሉ፣ ወደ ቦታዋ መልሷት» አሉ አሽከሮቹን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀስ ብላችሁ፤ እመቤት እንዳይረበሹ» አሉ።