ካራጂናን የጾም ነው ወይ

ጠዋት ተነስቼ ሱብሒ ሰገድኩ። ልጆቹን ለትምህርት ቤት አሰናዳሁ፤ ከዚያ አራዳ ወርጄ ሱቁን ከፈትኩ። ከባዱን የብረት መዝጊያ የባሌ ወንድም ጃቢር ነው የሚያነሳልኝ። ደጃፉን ውኃ ረጭቼ ጠረግሁ፤ እርሾውን፣ የኬክ ቀለሙን፣ የቫኒላውን ብልቃጥ ወደ ፊት አወጣሁ። ረመዳን ሊያልቅ ስለነበር ገበያው ሞቅ ብሏል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የጀሊ ዱቄት አንስታ ሐላል መሆኑን ጠየቀችኝ። የሚያረጋው ካራጂናን ነው፣ ከባሕር ሣር የሚወጣ፣ አጥንትም ቆዳም የለበትም አልኳት። ስሙ ደስ አላላትም። ዱቄቱን መልሳ አስቀምጣ ቫኒላ ገዛች።

የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው። ይህን ማብራሪያ በቀን ስንቴ እንደምሰጥ መቁጠር ትቻለሁ። ጃቢር፣ «ስሙ የእብድ ውሻ መርፌ ይመስላል፤ ሌላ አውጪለት» ይለኛል።

ባለቤቴ ኡዘይር በሕይወት ሳለ በየዒዱ ለጎረቤታችን ለእትዬ የትነበርሽ አንድ ሰሃን ይዞ ይሄድ ነበር። እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዒድ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤና ወተት የገባበት ነገር ሁሉ አይሆንም። ስለዚህ ከርከዴ በስኳር ያፈላና በካራጂናን ያረጋው ነበር። ያን ቀይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይዞ ገብቶ «የጾም ነው» ይላል፤ እነሱም ይበሉታል። ሰሃኑ ከቀናት በኋላ አሹቅ ተሞልቶ ይመለሳል።

ዘንድሮ እሱ የለም። ብዙ ነገር ቀርቷል፤ ሰሃኑ እንዲቀር ግን አልፈለግሁም።

የዒድ ዕለት ከሶላት መልስ ራሴ ይዤው ሄድኩ። እትዬ የትነበርሽ ስመው፣ እንኳን አደረሳችሁ ብለው አስቀመጡኝ። ሰሃኑን እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ልጃቸው ቃልኪዳን ከጎናቸው ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሱቁ ጠየቁኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ።

«ፈህሚያዬ፣ ይቺ ልጅ ይኼ ነገር ከከብት አጥንት ነው የሚሠራው ትለኛለች። እውነት ነው?»

ከአጥንት የሚሠራው ጄላቲን የሚባለው እንደሆነ፣ ይህ ግን ሌላ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቃልኪዳን ስሙን ጠይቃኝ ስልኳ ላይ ጻፈች፤ ትርጉሙንም ጠየቀችኝ። በአየርላንድ የባሕር ዳርቻ ድንጋይ ላይ ከሚለቀም ሣር የመጣ ስም ነው፣ በእነሱ ቋንቋ ትንሽ ቋጥኝ እንደማለት ነው ይባላል አልኳት። አይስክሬም ውስጥ፣ የታሸገ ወተት ውስጥ፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ሳይቀር ለማወፈሪያ እንደሚገባ ጨመርኩ። ስናገር ለራሴም የመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

እትዬ የትነበርሽ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ።

«ከባሕር ከሆነማ የዓሣ ወገን ነዋ» አሉ።

«ሣር ነው፣ እትዬ።»

«ሣሩን ዓሣ አይበላውም?»

ቃልኪዳን ሳቋን መያዝ አቃታት። «እማዬ፣ የጥርስ ሳሙናሽ ውስጥም አለ እያለችሽ እኮ ነው።»

«እሱን እተፋዋለሁ እንጂ አልውጠው።»

እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የነፍስ አባታቸውን እንጠይቅ አልኩ፤ ቃልኪዳን ለአባ ወልደኢየሱስ ደውላ፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፍታ ስልኩን ሰጠችኝ። ደም አለው ወይ፣ ወተት አለው ወይ፣ እንቁላል አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። እንግዲያው ከጎመን በምን ይለያል፣ ይብሉት አሉ። እትዬ የትነበርሽም በጆሯቸው ሰሙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ስፈታ እቀምሰዋለሁ ብለው ሸኙኝ።

ወደ ማታ ቃልኪዳን ሰሃኑን መለሰችው። አልተነካም። ቀኑን ሙሉ ስለዋለ ዳር ዳሩ ውኃ አውጥቷል። ልጅቷ ዓይኔን ሳታይ አስረክባኝ ሄደች።

የተመለሰ ሰሃን ተከትሎ መሄድ ነውር ነው። ሄድኩ።

«አባ ፈቅደው የለም እንዴ? ምነው?» አልኳቸው።

«ፈቅደዋል፤ አልዋሽሽም። ልቤ ግን አንዴ ተጠራጠረ። የተጠራጠርኩትን ከበላሁ ምኑን ጾምኩት?»

«ኡዘይር ሲያመጣው ስሙን እንኳ አልጠየቃችሁም።»

«እሱን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ የኔ ልጅ። እሱ የጾም ነው ካለ የጾም ነው።»

ክፋት አልነበረባቸውም። እጄን ይዘው ነው የተናገሩት። እሺ ብዬ እጄን ቀስ አድርጌ ሳብኩና ወጣሁ።

ቤት ስገባ ጃቢር ከልጆቹ ጋር ከርከዴውን በማንኪያ ጀምረውታል። ሸጋ ነው፣ ለነሱ ቀረባቸው አለኝ። ሲጨርሱ ሰሃኑን አጠብኩ። ስለ ካራጂናን የነገርኳቸው ሁሉ ልክ ነበር፤ አንድ ቃል አላጓደልኩም። ከእኛ ቤት ወጥቶ ሳይመረመር እነሱ ቤት የሚገባ ቃል ግን አሁን የለም።