ፍንጭቴን መልሱልኝ

እኔን ሳሊሐን ሰው የሚለየኝ በጥርሴ ነው። ጥርሰ ፍንጭት ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል። ዓረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ የምሠራበት ቤት ደረጃውን በሳሙና ሳጥብ አዳልጦኝ በአፌ ተደፋሁ። ሁለቱ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከነፍንጭታቸው ሄዱ። ማዳሟ ከኔ በላይ ጮኸች።

ጥርሱስ ይሁን፤ የጨነቀኝ የማሂ ነገር ነው። ማሂ ልጄ ናት፤ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ትኖራለች፣ ከሦስት ወር በኋላ ኒካሗ ነው፤ ለሱም አገር ልገባ ነው። ጥያት ስመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሃያ ሞልቷታል። የምታውቀኝ በስልክ ነው፣ ከነሳቄ። "እስቲ ፍንጭትሽን አሳይኝ" ሳትለኝ ዘግታ አታውቅም። ታዲያ በዚህ አፍ ልታየኝ? ያ ረቢ! "የስልኬ ካሜራ ተሰብሯል" አልኳትና ወር ሙሉ በድምፅ ብቻ አወራኋት። እሱም ቢሆን በየቃሉ መሀል ፉጨት እየገባበት።

ከዚያ ጓደኛዬን ዘርፌን ይዤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዘርፌ እዚሁ ሳብያ የሴት ፀጉር ትሠራለች፤ ያልተጠየቀችውን መመለስ ልማዷ ነው። ዶክተሩ ግብፃዊ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው።

"ሁለት ምርጫ አለሽ" አለኝ። "አንዱ ዚራዓ ነው። አጥንትሽ ላይ ብሎን እንተክልና ሲጠነክር ጥርሱን እናስርበታለን። እንደራስሽ ጥርስ ሥጋ ትግጪበታለሽ፤ ግን አራት አምስት ወር ይፈጃል። ሌላው ተርኪባ ነው፣ የሚወልቀው። በሳምንት ይደርስልሻል፤ ስትተኚ አውልቀሽ ውሃ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ።"

"ዚራዓ ነው እንጂ!" አለች ዘርፌ። "ሰርጉ መሀል እልል ስትይ ጥርስሽ ተፈናጥሮ ሙሽራው ሰሃን ላይ ቢያርፍስ?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ሟርተኛ!"

ኒካሁ ሁለት ወር ነው የቀረው፣ ብሎኑ አምስት ወር ይላል። ምን ምርጫ አለው ይሄ? ተርኪባውን አልኩ። "ግን መሀሉ ክፍተት ይኑረው" ብዬ የድሮ ፎቶዬን አሳየሁት።

"ሰው እኮ እኔ ዘንድ የሚመጣው ክፍተቱን ለማስደፈን ነው" አለ ዶክተሩ።

"ያ ዶክቶር፣ እኛ አገር ይሄ ቁንጅና ነው!"

ሳቀና ማስታወሻው ላይ ጻፈልኝ።

በሳምንቱ ጥርሱ ደረሰ። ዶክተሩ አፌ ውስጥ አስገብቶ መስታወት ሰጠኝ። ሁለቱ ጥርሶች ግጥም ብለዋል፤ ክር እንኳ አያሳልፉም። ለካ ጥርሱን የሠራው ጂዛን ከተማ ያለው ጥርስ ሠሪ ማስታወሻውን ሲያይ "ዶክተሩ ተሳስቶ ነው" ብሎ አስተካክሎታል። አዝኖልኝ!

"ይቺ ደግሞ ማን ናት? ማዳሟን አስመሰላችሁኝ እኮ! ፍንጭቴን መልሱልኝ!" ብዬ ክሊኒኩን ቀወጥኩት። ዶክተሩ ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ ዘርፌ ክንዴን ስትይዝ፣ ስልኬ ጮኸ። ማሂ የድምፅ መልእክት ልካለች። ከፈትኩት፤ እያለቀሰች ነው።

"እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማን መታሽ? ድምፅሽ ተቀይሯል፣ ፊትሽን ትደብቂኛለሽ። እኔ እንቅልፍ ከተኛሁ ሰነበትኩ። ፊትሽን ሳላይ ኒካህ የሚባል ነገር የለም፤ ለሙሽራው ቤተሰብም 'ሰርጉ ይቅር' ብያቸዋለሁ።"

እኔ ለቁንጅናዬ ስጨነቅ ልጄ ወር ሙሉ ስትቀብረኝ ከርማለች። እንዴት አላሰብኩትም? ሰው አገር ያለች እናት ፊቷን ስትደብቅ ልጅ ሌላ ምን ታስብ? በራሴ አፈርኩ።

"ያላ፣ ጥርሱን እንዳደረግሽ ደውዪላት!" አለች ዘርፌ። "ቢያንስ ሙሉ አፍ ታያለች።"

የሰው አፍ አይታ ደግሞ ሌላ ስጋት ሊገባት? አወለቅኩትና ዘርፌ መዳፍ ላይ አኖርኩት። እሷም "ውይ!" ብላ ልትጥለው ነበር። ከዚያ በቪዲዮ ደወልኩ።

ማሂ ዓይኗ አብጧል።

"ማንም አልመታኝም የኔ እናት፣ ወላሂ! ደረጃ ላይ ወድቄ ነው። ላሳይሽ አፍሬ ነው የደበቅኩሽ" አልኳትና አፌን ከፈትኩላት።

ወደ ስልኩ ተጠጋች። አየችኝ፣ አየችኝና፦

"እማ... ፍንጭትሽ ሰፍቷል!"

ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። እኔም አፌን በእጄ ሳልሸፍን ሳቅኩ፤ ከወደቅኩ ወዲህ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እንዲሁ ነይልኝ" አለችኝ። "ጥርስሽን ጠራሁ እንዴ? አንቺን ነው የጠራሁት።"

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እህስ፣ ተርኪባውን እንደገና ላሠራልሽ?"

"ኸላስ፣ ተርኪባው ይቅር። አሁን የሚያስቸኩለኝ የለም። ከኒካሁ ስመለስ ዚራዓውን ትሠራልኛለህ።"

"ክፍተቱስ? ያ ጥርስ ሠሪ ደግሞ እንዳያስተካክለው" አለ።

ስልኩን አየሁት። ማሂ ገና እየሳቀች ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሀል የኔው ፍንጭት፣ ልክ የኔው፣ ቁጭ ብሏል። ስልኩን ወደ ዶክተሩ አዞርኩት፤ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ።

"ፈገግ በይለት ማሂ" አልኳት። "ጥርሴን ይለካ።"